ጥቁር እንጨት ለምን አጸድ ውስጥ ቀረ?

ከደምበጫ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላም አድርጎ ወደ ቡሬ የሚዘልቀው አስፋልት ግራና ቀኙ ዛፍ አላጣም። መንደሩን የከበበው ባሕር ዛፍ ነው። በጤፉና በበቆሎው ማሳ መካከል አልፎ አልፎ ቆሞ የሚታየው ዋንዛ፣ ብሳና ወይም ግራር ነው። ከኮረብታው ላይ ጥቅጥቅ ያለ፣ ከሩቅ ጠቆር ብሎ የሚታይ ደን ካለ ደግሞ ከመካከሉ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት አይጠፋም። ጥቁር እንጨት የሚባለውን ዛፍ የፈለገ ሰው መንገዱን ትቶ መውጣት ያለበት ወደዚህ አጸድ ነው። ይህ ዛፍ ግን የአጸድ ዛፍ ሆኖ አልተፈጠረም። የወይና ደጋው ደን ዛፍ ነው፤ ደኑ አገሩን በሸፈነበት ዘመን ከዝግባው፣ ከወይራውና ከብሳናው ጋር ተቀላቅሎ ዛሬ ማሳ በሆነው መሬት ሁሉ ይበቅል ነበር። ከዚያ ሁሉ ቦታ ተመናምኖ ለምን ቅጽር ዙሪያ ብቻ ቀረ ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ፈሪሃ እግዚአብሔር» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። የምዕራብ ጎጃምን የመሬት ታሪክ አስተውሎ ለተመለከተ ሰው፣ ጥቁር እንጨት የተረፈው የዛፉን ዕድሜ ያህል የሚቆይ ባለቤት ባገኘበት ቦታ ብቻ ነው። ጠቃሚነቱ አላዳነውም። የመሬቱ ቅድስናም ብቻውን አላዳነውም።

በመጀመሪያ ዛፉን እንወቀው። ጥቁር እንጨት ኮክ፣ ፕሪምና አውሮፓውያን ቼሪ የሚሉት ፍሬ ካሉበት ወገን ነው፤ ከዚህ ወገን ሆኖ የአፍሪካ ምድር ራሱ ያበቀለው ዱር በቀል ዛፍ ነው። እንግሊዞች «የአፍሪካ ቼሪ» የሚሉትም ለዚህ ነው። ሲመቸው ከ25 ሜትር በላይ ይመዛል። ቅርፊቱ ጠቁሮ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፣ ላዩ ያብረቀርቃል፣ ጭራው ወደ ቀይ ያደላል። የሚጠራጠር ሰው አንድ ቅጠል በጥሶ በጣቱ ቢያሸው ወዲያው ይለየዋል፤ የኮክ ፍሬ ተሰብሮ ውስጡ ያለው ለውዝ የሚሸተው ዓይነት መራራ ሽታ ይወጣዋል። ሽታው የሚመጣው ሳያናይድ ከሚያመነጭ ንጥረ ነገር ነው፤ ስለዚህ አፍ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል። አበባው ነጣ ያለ፣ ጥቃቅንና ዘለላ የሠራ ነው፤ ንብ ይወደዋል። ፍሬው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፣ ከቁመቱ ወርዱ ይበልጣል፣ ሲበስል ከቀይ ወደ ወይን ጠጅ ይጠቁራል። ወፍና ጦጣ ይበሉታል፤ ሰው ግን አይበላውም፣ ይመራል። የሚስማማው ከፍታ በአገራችን ከ1,700 እስከ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር አካባቢ፣ ቡሬ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ መሆናቸውን ያሰበ ሰው አገሩ የጥቁር እንጨት አገር መሆኑን ይረዳል። የአየር ጠባዩ አልተስማማውም የሚል ምክንያት እንግዲህ እዚህ ቦታ የለውም።

እንጨቱ ከባድና ጠንካራ ነው። ሲቆረጥ ፈዘዝ ያለ ቀይ ይመስላል፤ ውሎ ሲያድር ወደ ጥቁር ቡና ይለወጣል። ለመጥረቢያ እጀታ፣ ለሙቀጫ፣ ለቤት ምሰሶ፣ ለጣውላና ለወለል ይሆናል፤ ፍሙም ይቆያል። አዘነ በቀለ ተሰማ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ጠቃሚ ዛፎች መጽሐፍ ውስጥ ከማገዶና ከእጀታ እስከ ንብ ቀሰምና የባህል መድኃኒት ያለው ጥቅሙ ተዘርዝሯል። ይሁን እንጂ ጥቅሙን ብቻ ቆጥሮ ጠባዩን የሚተው ሰው የታሪኩን ቁልፍ ያጣዋል። ጥቁር እንጨት የመጀመሪያ ፍሬውን ለማፍራት ራሱ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈልጋል፤ ከዚያም በየዓመቱ እኩል አያፈራም። ዘሩ እንደ እህል ጎተራ ተጨምሮ የሚቆይ አይደለም፤ ከደረቀ የመብቀል አቅሙን ቶሎ ያጣል። ወግ ያለው ግንድ ለመሆን አሥርት ዓመታት ይጠይቃል። አንድ ጎልማሳ ዛሬ ቢተክለው ትልቅ ግንዱን የሚያየው ምናልባት የልጅ ልጁ ነው። የአውሮፓው ዱር በቀል ቼሪ ፍሬው ስለሚበላ ሰው ከደን አውጥቶ ደጁ ተክሎታል፣ ዘር እየመረጠም አሻሽሎታል። የእኛው ለአፍ ስለማይሆን የሚተክለው ሰው ሳያገኝ የወፍ ተካይነት ብቻ ቀረለት። ደኑ ሲሳሳ ወፉም ከደኑ ጋር ራቀ።

ሰው በአጠገቡ የሚያኖረው ዛፍ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ዋንዛን መመልከት በቂ ነው። የስኮትላንዱ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 ከጎንደር ወርዶ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ደርሷል። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ስለ አገሩ ዕፀዋት ለብቻ ጽፏል፤ ኮሶን፣ ቁልቋልን፣ እንሰትንና ዋንዛን ከነሥዕላቸው አስፍሯል። ዋንዛ በጎንደር ቤቶች ደጅ ተተክሎ እንደሚታይም ነግሮናል። ጥቁር እንጨት ከእነዚህ ጋር ራሱን የቻለ ምዕራፍ አላገኘም። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ብሩስ ያላየው ወይም ያላስተዋለው ዛፍ ብዙ ነው። ግን ነገሩ የሚያመለክተው አለ፦ ዋንዛ ያኔም ከሰው ደጅ የቆመ ዛፍ ነበር፣ ዛሬም ነው። የጃቢ ጠህናን ወይም የወንበርማ ገበሬ ማሳው ላይ የበቀለ ዋንዛ ሲያገኝ በሬውን ጠምዝዞ ያልፈዋል፣ ከብት እንዳይበላው እሾህ ያጥርለታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዋንዛ ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ ያቆጠቁጣል፣ ቅጠሉ መሬት ያለሰልሳል፣ ፍሬው ልጆች ይለቅሙታል፣ ግንዱ በተካዩ ዕድሜ ውስጥ ለበር፣ ለከበሮና ለሣጥን ይደርሳል። እንግዲህ ገበሬው ዛፍ ጠል አይደለም፤ ራሱ ወይም ልጁ የሚጠቀምበትን ዛፍ ያለ ማንም አስገዳጅ ያሳድጋል። «ገበሬው ደኑን ጨረሰው» የሚለው የከተማ ክስ እዚህ ላይ ያነክሳል።

ለምን የልጅ ልጁ የሚጠቀምበትን አላሳደገም? ለዚህ ወደ ርስት ሥርዓት መግባት ግድ ነው። አሜሪካዊው አለን ሆበን የጎጃምን ርስት ያጠናው እዚሁ፣ ከፍኖተ ሰላም በላይ ባለው ደጋ ዳሞት ነበር፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። እርሱ እንዳሳየው ርስት የአንድ ሰው የተከለለ ንብረት አልነበረም። ከአቅኚው አባት በእናትም በአባትም የሚወለድ ሁሉ የመጠየቅ መብት ነበረው። በዚህ የተነሣ ማሳው በየጊዜው ክርክር ይነሣበታል፤ ጉልበት፣ ዘመድና ሹመት ያለው ሰው ድርሻውን ያሰፋል፣ የደከመው ይጠብበታል። ሥርዓቱ ፍትሐዊ ጎን ነበረው፤ ጎጃሜ መሬት አልባ ጭሰኛ ሆኖ እንዳይቀር ከብዙው የደቡብ ገበሬ ይልቅ ጠብቆታል። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ያመፀውም ግብሩ ከብዶት ብቻ ሳይሆን ልኬታው ርስቱን ይነጥቀኛል ብሎ ነው። ለዛፍ ግን ሥርዓቱ ክፉ ነበር። ዛሬ የእኔ የሆነች ማሳ ከሃያ ዓመት በኋላ የእናቴ ወንድም ልጅ ልትሆን የምትችል ከሆነ፣ መቶ ዓመት የሚጠብቅ ዛፍ በመሐሏ ማቆም ለባላንጣ መትከል ነው። ይህ መደምደሚያ የሆበን ሳይሆን የእኔ ነው፤ እርሱ ስለ ሰው እንጂ ስለ ዛፍ አልጻፈም። ግን እርሱ ከገለጸው ርስት ውስጥ ሌላ ውጤት ማውጣት ይከብደኛል።

እዚህ ላይ «ታዲያ ቤተ ክርስቲያንስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ቤተ ክርስቲያን አትሞትም፣ አትከፋፈልም፣ ወራሽ አይከራከርባትም። ንብረቷን የሚጠብቅ ገበዝ አላት፤ ገበዙ ቢሞት ሌላ ይሾማል። አጸዱም የሚፈለግበት ሥራ አለው፦ ቆሞ ለሚያስቀድሰው ሕዝብ ጥላ ነው፣ ሬሳ የሚያርፍበት ነው፣ የቤተ መቅደሱ ጣሪያ ወይም በር ሲያረጅ ምሰሶና ጣውላ የሚገኝበት ነው። የመጨረሻውን ልብ እንበል። አጸድ ጨርሶ የማይነካ ደን አልነበረም፤ በአለቃውና በገበዙ ፈቃድ፣ ለታቦቱ ሥራ ሲሆን ዛፍ ይቆረጣል። ተጠቃሚው ከዛሬ ሃምሳ ዓመት በኋላም እዚያው ስለሚኖር ቆራጩ ይሰስታል። ለቤት የሚሆን ጥቁር እንጨት ማሳ ላይ አሥርት ዓመት የሚጠብቀው ሰው የለም፤ ለመቅደስ የሚሆነው ግን የሚጠብቀው ደብር አለው።

የእምነቱን ኃይል አሳንሰሃል የሚለኝ አይጠፋም። ከአጸድ ቅጠል መበጠስን የሚፈራ ሕዝብ እያለ ስለ ይዞታ ማውራት መንፈሳዊውን ነገር ወደ ሒሳብ ማውረድ አይሆንም ወይ? ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ያለ ውግዘቱና ያለ ፍርሃቱ ገበዙ ብቻውን ስንት መጥረቢያ ይመልስ ነበር? ነገር ግን ጎጃም ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ከአጸዷ ሌላ ሰፊ የጉልት መሬት ነበራት። ያ መሬት የታቦት መሬት ይባል ነበር፣ ግብሩም የሚገባው ለካህናቱ ነበር። ቅድስና ብቻውን ዛፍ የሚያድን ቢሆን ኖሮ የጉልቱ መሬት ዛሬ ደን በሆነ ነበር። አልሆነም፤ እንደ ሌላው ማሳ ሲታረስ ኖሯል። ልዩነቱ ጉልት ግብር የመሰብሰብ መብት መሆኑ ነው፤ በማሳው ላይ ያለውን ዛፍ ማቆምና መቁረጥ በርስተኛው እጅ ነበር። አንድ ታቦት፣ አንድ ፍርሃት፣ ሁለት ዓይነት መሬት ነው ያለው። ደን የቆመው የዛፉ ውሳኔ በደብሩ እጅ በነበረበት በአንደኛው ላይ ብቻ ነው።

ስለ አጸድ ደን ከጻፉት ሁሉ ከፍ ያለ ቦታ የሚገባው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ነው፤ ብዙ አንባቢ «እመጓ» በተባለው ልብ ወለዱ ያውቀዋል። እርሱና ባልደረቦቹ በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን አጥንተው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ጎንደርና ጎጃም አንድ አይደሉም፤ ግን ደጋና ወይና ደጋው፣ ሥርዓቱም ተቀራራቢ ነው። ከጥናታቸው ሁለት ነገር ለእኛ ጉዳይ ይበጃል። አንደኛ፣ አብዛኛው የአጸድ ዛፍ ዘሩን አፈር ውስጥ አከማችቶ አያቆይም፤ እናት ዛፉ ከተቆረጠች ከመሬቱ የሚነሣ ልጅ የለም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ከብት በተከለከለበት ቦታ ችግኝ ይበቅላል፣ ይተርፋልም፤ ከብት በሚገባበት ቦታ ግን ሽማግሌዎቹ ዛፎች ብቻቸውን ይቀራሉ። ይህ ሁለተኛው ነገር ለእምነት መከራከሪያው ብርቱ ፈተና ነው። የአጸዱን ዛፍ በመጥረቢያ የማይነካው ምእመን ከብቱን አጸድ ውስጥ ሲያሰማራ አይሳቀቅም፤ መቁረጥ ኃጢአት ነው፣ ማብላት ግን ኃጢአት መሆኑ አልተነገረውም። ስለዚህ ዛፉ ሳይቆረጥ መንበሩን የሚወርስ ልጅ ያጣል። አጥር የሠራ ደብር ይህን አስቀርቷል፤ ያልሠራው በቅድስናው ብቻ አላስቀረውም።

ከአብዮቱ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፣ ምክንያቱም ነገሩ ያው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ርስትም ጉልትም ቀረ። ገበሬው የመጠቀም መብት ኖረው፣ ድልድሉ ግን እንደገና የሚመጣ ነገር ሆነ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደውን ድልድል ጎጃም መቼም አይረሳውም፤ «ቢሮክራት» ወይም «ፊውዳል» የተባለው ገበሬ ከአራት ጥማድ በላይ የነበረው ተቆርሶበታል። የመንግሥት ሕግ ደግሞ ዛፍን በስሙ ለመጠበቅ ሞከረ። የ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ የከለከላቸው አራት ዛፎች ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ናቸው። ጥቁር እንጨት ከዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። አዋጁ በኋላ በሌሎች አዋጆች ተተክቷል፤ ግን ዝርዝሩ የሚነግረን አለ። ሕግ አውጪው ያሰበው ጣውላ ቤት የሚገባውን ዛፍ ነው። በምዕራብ ጎጃም ደግሞ ክልከላው የሚመለከተው የመንግሥት ደን ራሱ ብዙም አልነበረም። ጥቁር እንጨት እንደ ዱሮው በገበዙ እጅ ቀረ።

«ነገሩ ሁሉ የሕዝብ ብዛትና የባሕር ዛፍ ጣጣ ነው» የሚለው መልስ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይደጋገማል። የሕዝብ ብዛቱን የሚክድ የለም። በባሕር ዛፍ ጉዳይ ግን ከሳሹም ተከሳሹም ቦታቸውን ተለዋውጠው አይቻቸዋለሁ። በምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ወደ አዲስ አበባ የገባው ይህ ዛፍ ጎጃም ሲደርስ ጥቁር እንጨት አብዛኛውን ቦታ ለቆ ነበር። ደግሞም በአምስትና በስድስት ዓመት ለአጠና የሚደርስ ዛፍ ባይኖር ማገዶና ማዋቀሪያ ፍለጋ የሚወጣው መጥረቢያ የሚያመራው ወደ አጸዱ ነበር። ባሕር ዛፍ መሬት ያደርቃል የሚለው ክስ እዚያው ይቆይ፤ አጸዱን ግን ከለላ ሆኖለታል። የሚከብደኝ ሌላው ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የይዞታ ደብተር መሰጠት ሲጀምር ገበሬው ስሙ የተጻፈበት መሬት አገኘ፤ ከዚያም ተከለ፣ ግን የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ይዞታ ዋስትና ካገኘ ጥቁር እንጨት ለምን አልተተከለም? ይህን ተቃውሞ ሙሉ በሙሉ መመለስ አልችልም። ደብተሩ የአንድ ትውልድ እፎይታ ሰጠ፤ ጥቁር እንጨት ግን የሁለትና የሦስት ትውልድ ጉዳይ ነው። በዚያ ላይ ችግኙ በጣቢያ እንደ ልብ አይገኝም፣ ገበያ ላይ ለጥቁር እንጨት አጠና የሚከፍል ነጋዴም የለም። ዋስትና ያለው ይዞታ የግድ ነው፤ በቂ ግን አይደለም።

አሁን አሁን «ቅርፊቱን ለውጭ ገበያ ብናቀርበው ሰው ይተክለው ነበር» የሚል ሐሳብ ይሰማል። ሐሳቡ ከባዶ አልመጣም። ዣክ ደባ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1966 ከዚህ ዛፍ ቅርፊት የተጨመቀ መድኃኒት በስሙ አስመዝግቧል፤ የሸመገሉ ወንዶች ፕሮስቴት ሲያብጥና ሽንት ሲያስቸግራቸው የሚወስዱት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ቅርፊቱ ከካሜሩን ተራሮች ወደ ፈረንሳይ ይጓዝ ጀመር። ለብዙ ዓመታት ግዢው በአንድ ድርጅት እጅ ነበር፤ ሠራተኞቹ ከግንዱ ሁለት ተቃራኒ ጎን ብቻ ልጠው ሌላውን ይተዉ ነበር፣ ዛፉም ቅርፊቱን በጥቂት ዓመታት መልሶ ያበቅላል። እ.ኤ.አ. ከ1985 ወዲህ ፈቃዱ ለብዙዎች ተበተነ። ቅርፊት ለቃሚው ነገ ዛፉን የእርሱ እንደማያገኘው ስላወቀ ዙሪያውን ልጦ ወሰደ፣ አንዳንዱም ዛፉን ራሱን ጣለው። እ.ኤ.አ. በ1995 ዛፉ በዓለም አቀፍ ንግድ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዝርያዎች መዝገብ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ኅብረት የካሜሩንን ቅርፊት መግዛት ለጊዜው አቆመ። ካሜሩን የነገረን ጎጃም የነገረንን ነው፦ የዛፉ ዋጋ ሲጨምር ባለቤትነቱ ካልጸና ጥፋቱ ይፋጠናል። ለቅርፊት ገበያ መክፈት ማለት ዛሬ በምዕራብ ጎጃም ባለው ሁኔታ ነጋዴውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር መላክ ማለት ነው፣ ዛፉ ያለው እዚያ ነውና። እኔ አልመክረውም።

የሚመከረው ከዚህ ይልቅ ትንሽና የሚቻል ነው። የየደብሩ ሰበካ ጉባኤ አጸዱን ከከብት ያጥር፤ የድንጋይ ካብ ለጎጃም አዲስ ሥራ አይደለም። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችና የችግኝ ጣቢያዎች ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባሉት አጸዶች ውስጥ የቆሙትን ጥቁር እንጨቶች ይመዝግቡ፣ ፍሬው የሚበስልበትን ወቅት ከገበዙ ይጠይቁ፣ ፍሬው ሲወድቅ በገበዙ ፈቃድ ያስለቅሙ፣ ሥጋውን አጥበው ሳይደርቅ በዚያው ሳምንት ይዝሩት። ችግኙ የሚተከለውም ሊከፋፈል በማይችል መሬት ላይ ይሁን፦ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በምንጭ ዳር፣ በራሱ በአጸዱ ዳርቻ። ለዓመት ተብሎ በከረጢት የተቀመጠ የጥቁር እንጨት ዘር አይበቅልም።